ሰላምታ የተቀበለ ሰው ዕዳ

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 23 ቀን 1860፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሎንደን ውስጥ ሃይድ ፓርክ በሚባለው ሰፊ መስክ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች ጠመንጃ ተሸክመው በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት አለፉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) መደበኛ ወታደሮች አልነበሩም። ጠበቆች፣ የባንክና የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊዎች፣ ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሠዓሊዎችና ቀራጮች ብቻቸውን ያቋቋሙት ክፍል እንኳ ነበር፤ በኋላ ሠዓሊው ፍሬደሪክ ሌይተን አዛዡ ሆኗል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሰልፍን የሚያውቁት ሌላው ሲሰለፍ ዳር ቆመው በማየት ነበር። አሁን ተራው ደርሶ ዳር የቆመው ሕዝብ እነሱን አየ። ቀይ የለበሰ መደበኛ ጦር ማየት ለለመደው የሎንደን ሰው ግራጫና አረንጓዴ ለብሶ የሚያልፈው ጎረቤቱ፣ ሐኪሙ፣ የሒሳብ ሹሙ ነበር።

ወታደራዊ ሰልፍ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለሚያልፈው ነው፤ ስለ እርምጃው መመሳሰል፣ ስለ ሰንደቁ፣ ስለ ማርሹ። እኔን የሚያሳስበኝ ቆሞ የሚቀበለው ነው። ማንም ሳያስገድደው የተመዘገበ ሰው በአደባባይ ሲያልፍ ‹እነሆኝ፣ ቁጠሩኝ› ማለቱ ነው። እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ የተቀበለው ሹም ደግሞ ‹አየሁህ፣ ቆጠርኩህ› ብሏል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሹሙ ባለዕዳ ነው። ያለፈው ሰው ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ፣ ራሱን፣ አስረክቧል። የቀረው የተቀበለው ወገን ድርሻ ነው፦ ጫማው፣ ካፖርቱ፣ ጥይቱ፣ ልምምዱ፣ አዋቂ አዛዥ፣ ቀኑ ሲደርስም መንገዱን የሚጠርግለት መድፍ። የእንግሊዝ ወዶ ዘማቾች ታሪክ ይህ ዕዳ ሲከፈልና ሳይከፈል ምን እንደሚሆን በግልጽ ስለሚያሳይ፣ ደግሞም አንድ ቤተሰብና አንድ አውራጃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለሚገኙበት፣ እሱኑ ልተርክ።

ነገሩ የጀመረው በፍርሃት ነው። በጃንዋሪ 1858 ኦርሲኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛን ለመግደል ፓሪስ ውስጥ ቦምብ ወረወረ። ንጉሠ ነገሥቱ ተረፈ። ቦምቡ የተሠራው እንግሊዝ ሀገር መሆኑ ሲታወቅ ግን የፈረንሳይ መኮንኖች ተቆጡ፤ በእንግሊዝ ላይ መዝመት አለብን የሚሉም ተነሡ። እንግሊዞች በበኩላቸው ወደ ውስጣቸው ሲመለከቱ ሀገር ቤት የቀረው ጦር ጥቂት ነው፤ ብዙው በ1857 የተነሣውን ዓመፅ ለማብረድ ወደ ህንድ ተሻግሯል። በ1859 ጸደይ ፈረንሳይ ኢጣሊያ ምድር ላይ ከኦስትሪያ ጋር ስትዋጋ ‹ከኦስትሪያ ቀጥሎ ተረኛው ማን ነው?› የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ገባ። በሜይ 12 ቀን 1859 የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ጆናታን ፒል ንግሥቲቱን ወክለው በየአውራጃው ለተሾሙት እንደራሴዎች ደብዳቤ ላከ፤ ወዶ ዘማቾችን መመዝገብና ማደራጀት ትችላላችሁ የሚል። እኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ አራት ዓመት አልፎ ነበር። ያኔ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የላንካሸር አውራጃ ታላቅ ባለርስት የሆነው 14ኛው ሎርድ ደርቢ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ በልጅ ልጁ በኩል እንመለስበታለን።

ደብዳቤው ፈቃድ ሰጠ እንጂ ሌላ ብዙም አልሰጠም። ጠመንጃውን፣ ልብሱን፣ ሌላውንም ወጪ ዘማቹ ራሱ እንዲችል ተጠየቀ። አባቶቻችን ክተት ሲታወጅ ስንቅና መሣሪያቸውን ይዘው እንደሚወጡት ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሎንደኑ ጸሐፊ በዘማችነት የሚያገኘው ርስትም ማዕረግም አለመኖሩ ነው። ግዴታው ቀላል ነበር። ጠላት ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ወይም በጠረፍ ሲታይ ብቻ ይጠራል፤ በሰላሙ ጊዜ ደግሞ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል። እንዲህ ያለው ውል መጀመሪያ የሳበው ገንዘብ ያለውን ሰው ነው። የቀን ሠራተኛ የጠመንጃ ዋጋ ከየት ያመጣል? መንግሥትም ይህን ተረድቶ በዚያው ዓመት ጠመንጃ ማደል ጀመረ፤ መጀመሪያ ከመቶ ሰው ለ25ቱ፣ ቆይቶ ለሁሉም። በየፋብሪካውና በየመንደሩ የሚቋቋሙት ክፍሎች ለልብስ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚከፈል ዘዴ አበጁ፣ ሀብታሞችም መዋጮ ሰጡ። ያኔ የእጅ ሙያተኛውና ላብ አደሩ ገባበት።

ፌዝም አልቀረላቸውም። የሰፈር ልጆች ወዶ ዘማች ባዩ ቁጥር ‹ውሻውን ማን ተኮሰው?› እያሉ ይከተሉት ነበር፤ በልምምድ ላይ አንዱ በስሕተት ውሻ መትቷል የሚል ወሬ ተነሥቶ። የቀልድ መጽሔቶች ሆዳቸው የገፋ ነጋዴዎች ቀበቷቸው አልዘጋ ሲላቸው እየሣሉ ሳቁባቸው። ለነዚህ ሰዎች አዝንላቸዋለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ በፋኖስ ብርሃን ‹ግራ፣ ቀኝ› ሲል የሚያመሽ፣ ለዚያም ከኪሱ የሚከፍል ሰው ሊሳቅበት አይገባም። ፌዙን ያቆመውም ክርክር ሳይሆን የሃይድ ፓርኩ ሰልፍ ነው። በየሰፈሩ ሃያና ሠላሳ እየሆኑ ሲለማመዱ የሚያስቁት ሰዎች 20,000 ሆነው በአንድ መስክ ሲያልፉ የሚስቅ ጠፋ።

የአደባባይ ሰልፍ ምልመላን የሚያግዘው በዚህ መንገድ ነው። ዳር የቆመው ወጣት ሰንደቁን አይቶ ብቻ አይነሣም። የሚያውቀውን ሰው በረድፉ ውስጥ ሲያይ ነው ልቡ የሚሸፍት። የወንድሙ አለቃ፣ የእጮኛው አጎት፣ አብሮት ትምህርት ቤት የዋለው ልጅ በሕዝብ ፊት ተከብሮ ሲያልፍ እሱ ዳር መቆሙ ያሳፍረዋል። ስለዚህ መንግሥት ሰልፉን ከሎንደን አውጥቶ ወደየአውራጃው ወሰደው። በኦገስት 7 ቀን 1860 ኤደንብራ ላይ ከ20,000 በላይ የስኮትላንድ ወዶ ዘማቾች በሆሊሩድ ቤተ መንግሥት አጠገብ ባለው መስክ ተሰለፉ፤ ንግሥቲቱ ተገኙ፤ ሕዝቡ ከመስኩ በላይ የሚወጣውን ኮረብታ ሸፍኖት ዋለ። በሴፕቴምበር 1 ቀን ደግሞ የላንካሸር ወዶ ዘማቾች፣ ቁጥራቸው ከ10,000 በላይ ሆኖ፣ ሊቨርፑል አቅራቢያ በሎርድ ደርቢ ርስት በኖውዝሊ መስክ ታዩ። በ1862 በመላው ሀገር የተመዘገቡት ከ160,000 በልጠው ነበር።

እስከዚህ ያለው የክብር ታሪክ ነው። እኔ ግን ከሰልፎቹ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የማገኝበት ከዚያ በኋላ በጓዳ የተሠራው ሥራ ነው። ሆታው ሲበርድ ክፍሎቹ በዕዳ ተያዙ። የመጀመሪያው ልብስ አለቀ፤ ሀብታሙ ሁለተኛ መዋጮ አልሰጥ አለ፤ የልምምድ አዳራሽ ኪራይ፣ የተኩስ ሜዳ ኪራይ ተጠራቀመ። ለሰልፍ የሚመጣው ሰው ማክሰኞ ማታ ለልምምድ አይመጣም። መንግሥት በ1862 በቫይካውንት ኤቨርስሊ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ምስክር ሰምቶ መዝገብ አገላብጦ ያቀረበው ሐሳብ በ1863ቱ የወዶ ዘማቾች ሕግ ውስጥ ገባ። ሐሳቡ ሲያዩት ደረቅ የቢሮ ነገር ነው፦ መንግሥት ለእያንዳንዱ ‹ብቁ› ዘማች በዓመት 20 ሽልንግ ለክፍሉ ይከፍላል፤ የተኩስ ፈተናውን ላለፈ 10 ይጨምራል።

ብቁ የሚባለው ማን ነው? አዲስ ገቢ 30 ልምምድ የፈጸመ፣ ነባሩ በዓመት 9 ልምምድ ያሟላና በዓመታዊው ፍተሻ የተገኘ። ተመዝግቦ ስሙን ብቻ የሰጠ አይቆጠርም፤ በንግሥት ፊት በማርሽ አልፎ ወደ ቤቱ የገባም አይቆጠርም። ገንዘቡ የሚመጣው በመጣበት ልምምድ ልክ ነው። አዛዡ ሰዎቹን ካላሠለጠነ ድጎማው ይቀራል፤ ዕዳው ደግሞ በራሱ ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ለክፍሉ ወጪ አዛዦች በግል ተጠያቂ ነበሩና። ስንቱ መኮንን ከኪሱ እየከፈለ ክፍሉን እንዳቆመ ሳስብ ይደንቀኛል። መንግሥት ለእያንዳንዱ ክፍል ደመወዙን ራሱ የሚከፍለው ከመደበኛው ጦር የመጣ አሠልጣኝም መደበ። ሰላምታ መቀበል ወደ ዕዳ መክፈል የተሻገረው በዚህ ሕግ ነው።

ከተኩሱም አንድ ነገር ልጥቀስ። በጁላይ 2 ቀን 1860፣ ከሃይድ ፓርኩ ሰልፍ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዊምብልደን ላይ የመጀመሪያው ብሔራዊ የዒላማ ተኩስ ውድድር ተከፈተ። ንግሥት ቪክቶሪያ በብረት መደገፊያ ላይ የተጠመደ የዊትወርዝ ጠመንጃ ቃታ በሐር ገመድ ስበው የመጀመሪያውን ጥይት ተኮሱ፤ 400 ያርድ ርቆ የቆመውን ዒላማ መሐሉን መታው። ለአሸናፊው ራሳቸው 250 ፓውንድ ሽልማት አቁመው ነበር፤ የመጀመሪያ ተሸላሚው ኤድዋርድ ሮስ የሚባል ወጣት ነው። ሽልማቱ እስከ ዛሬ ይሰጣል። ከሰልፉ የበለጠ ሠራዊቱን የጠቀመው ይህ ይመስለኛል፤ ሰዎች ዓመት ሙሉ እንዲለማመዱ የሚያደርግ ምክንያት ሰጣቸውና።

በዚህ አጋጣሚ አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ቃል። አሜሪካ ከ1973 ወዲህ በግዳጅ አትመለምልም፤ ጦሯ ወዶ ገብ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ወጣትም መመዝገብ ይችላል። መልማዮች በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ፣ በየበዓሉ ሰልፍ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ይቆማሉ። ወንድ ልጃቸው ወይም ሴት ልጃቸው ‹ልግባ› ብለው የመጡባቸው ወላጅ ዩኒፎርሙ ሲያምር አይተው ከመፍቀዳቸውም ሆነ ፈርተው ከመከልከላቸው በፊት የኤቨርስሊ ኮሚሽን የጠየቀውን ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ሥልጠናው ስንት ሳምንት ነው? በየትኛው ሙያ? በቃል የተነገረው በውሉ ላይ ተጽፏል? ቢጎዳ ማን ያክማል፣ እስከ መቼ? መልሱ በወረቀት ላይ መሆን አለበት። በሰልፍ ቀን የሚነገር ሁሉ አይጻፍም።

ወደ ኤደንብራ ልመለስ። 1881 ወዶ ዘማቾቹ ከተቋቋሙ ከ20 ዓመት በላይ መሙላቱን የሚያከብሩበት ዓመት ነበር። በጁላይ ወር ንግሥቲቱ ዊንዘር ላይ ከ50,000 የማያንሱ የእንግሊዝ ወዶ ዘማቾችን አዩ፤ ፀሐይ ነበር፣ ሁሉ ነገር አማረ። በኦገስት 25 ቀን ተራው የስኮትላንድ ሆነ። ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰዎች ከየአውራጃው በባቡር ተጭነው በዚያው በሆሊሩድ መስክ ተሰበሰቡ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ሳያባራ ወረደ፤ መስኩ በሺዎች እግር ተረግጦ ጭቃ ሆነ፤ ረድፎቹ ውኃ እየረገጡ አለፉ። ንግሥቲቱም በክፍት ሠረገላ ዝናብ እየመታቸው እስከ መጨረሻው ቆዩ። ስኮትላንዳውያን እስከ ዛሬ ያን ቀን ‹ዝናባሙ ሰልፍ› ነው የሚሉት።

ሰዉ አልተበተነም። አንድም ክፍል ‹ነገ ይሁንልን› አላለም። ይህን የሚያነሡ ጸሐፊዎች የስኮትላንድን ሰው ጽናት ያወድሳሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ስለ ካፖርቱ እጠይቃለሁ። ጠመንጃና ጥይት ከመንግሥት ይመጣል፤ ልብስ ግን ከዚያው ከነፍስ ወከፉ ድጎማ መውጣት ነበረበት፤ ድጎማው ደግሞ ለአዳራሽም፣ ለተኩስ ሜዳም፣ ለጉዞም ነው። ከየት ተርፎ ካፖርት ይገዛ? ብዙዎቹ ያለ ካፖርት ተሰለፉ፤ የረጠበ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ተመልሰው ባቡር ተሳፈሩ። ከዚያ በኋላ በብርድ ታመው የሞቱ ነበሩ። ጥይት ያልተተኮሰበት፣ ጠላት ያልታየበት፣ ለክብር የተጠራ ሰልፍ ነው ሰው የገደለው። የ1863ቱ ሕግ ልምምዱን በጥንቃቄ ቆጥሮ ነበር፤ ዝናብ ግን በመዝገቡ ውስጥ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1899 መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቦየር የሚባሉት ነጭ ሰፋሪዎች እንግሊዞችን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሲያሸንፉ ወዶ ዘማቾቹ ለባሕር ማዶ ጦርነት ተፈለጉ፤ የሎንደን ከተማ የራሷን ዘማቾች ልካ በ1900 መጸው ሲመለሱ ጎዳናውን ሞልታ ተቀበለቻቸው። በ1908 የጦር ሚኒስትሩ ሃልዴን አሮጌውን የወዶ ዘማቾች ድርጅት አፍርሶ የግዛት ጦር የሚባለውን አቋቋመ። የ1859ኙ ደብዳቤ የወለደው ሠራዊት እዚህ ላይ ስሙ አበቃ። ልማዱ ግን አላበቃም፤ ሰፈር ከሰፈር፣ ቢሮ ከቢሮ ሆኖ አብሮ የመዝመት ልማድ በላንካሸር ሰው አእምሮ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

በኦገስት 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ አዲሱ የጦር ሚኒስትር ሎርድ ኪችነር ጦርነቱ ዓመታት እንደሚፈጅ ተረድቶ የመጀመሪያ 100,000 ወዶ ዘማቾችን ጠራ። ሊቨርፑል ላይ ጥሪውን የተቀበለው 17ኛው ሎርድ ደርቢ ነው፤ በ1859 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሰው የልጅ ልጅ። ኦገስት 28 ማታ በአንድ የልምምድ አዳራሽ የከተማዋን የንግድ ቢሮ ወጣቶች ሰብስቦ፣ አብራችሁ ሠርታችሁ የኖራችሁ ጓደኛሞች አብራችሁ የምትዘምቱበት ሻለቃ ይሁን አላቸው። ‹ፓልስ›፣ ጓደኛሞች፣ የሚለው መጠሪያ ከዚያ ወጣ። በቀጣዩ ሰኞ ኦገስት 31 በቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ምዝገባ ሲከፈት ወጣቶቹ በየመሥሪያ ቤታቸው ተሰልፈው መጡ። የኩናርድና የኋይት ስታር መርከብ ድርጅቶች ጸሐፊዎች፣ የጥጥ ነጋዴዎች፣ የባንክና የመድን ሠራተኞች ከየራሳቸው ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። በሳምንት ውስጥ ሦስት ሻለቃ ሞላ፤ ቆይቶ አራተኛ ተጨመረ። ሎርድ ደርቢ ቀድመው ለገቡት የቤተሰቡ አርማ የሆነውን፣ ንስርና ሕፃን የተቀረጸበትን የብር ምልክት አደላቸው። ልምምዳቸውንም ከፊሉን ያደረጉት በዚያው አያቱ የ1860ን ሰልፍ ባስተናገዱበት በኖውዝሊ መስክ ነው።

ሀገሪቱ ሁሉ ተከተለች። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1914፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ 33,204 ሰው ተመዘገበ፤ ይህ ከጦርነቱ በፊት መደበኛው ጦር በዓመት ከሚያገኘው የሚበልጥ ነው። አክሪንግተን የምትባል የላንካሸር የሽመና ከተማ በከንቲባዋ በጆን ሃርውድ መሪነት ከአካባቢዋ ከተሞች ጋር ሆና በአሥር ቀን ውስጥ ሻለቃ ሞላች። የሚታደል ዩኒፎርም አልነበረም፤ ሰማያዊ ጨርቅ ተሰፍቶላቸው ከረሙ። ጠመንጃም አልነበረም፤ ብዙዎቹ በእንጨት ተለማመዱ። ያም ሆኖ ሰልፉ አልቀረም። በማርች 20 ቀን 1915 ኪችነር ራሱ ሊቨርፑል መጥቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ፊት ቆመ፤ 12,000 ሰው አለፈ፤ እጁን አንሥቶ ተቀበለ። ልክ በሃይድ ፓርክ እንደሆነው ከተማዋ የራሷን ልጆች በረድፍ አየች። ከኪችነር ጎን የቆመውን ሎርድ ደርቢን ሳስብ ስለ ዕዳው ያስብ እንደነበር እጠራጠራለሁ፤ ሰው በእልልታ መሐል ስለ መድፍ አያስብም።

ጁላይ 1 ቀን 1916፣ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ሶም። ሁለቱም የላንካሸር ልጆች፣ የሊቨርፑሎቹና የአክሪንግተኖቹ፣ በዚያው ጠዋት ከምሽግ ወጡ። ሊቨርፑሎች በደቡብ ጫፍ ሞንቶባን ወደምትባል መንደር፣ አክሪንግተኖች በሰሜን ጫፍ ሴር ወደምትባል መንደር። ሁለቱም ወገን በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ሁለቱም በአደባባይ ተሸኝቷል፤ ጀግንነታቸው አይበላለጥም። ደቡብ ላይ ግን ከጎናቸው ፈረንሳዮች ነበሩ፤ የፈረንሳይ ከባድ መድፍ አገዘ፤ የጀርመኖቹ ሽቦ ተበጣጥሷል፣ ምሽጉ ተደርምሷል። ሊቨርፑሎች ሰው ከፍለው፣ ከመሐላቸው 18ኛው ሻለቃ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ያሉትን ቦታ ያዙ። ሰሜን ላይ ሽቦው አልተቆረጠም። ለአንድ ሳምንት በመላው ግንባር ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ የመድፍ ጥይት ተተኩሶ ነበር፤ ብዙው ሳይፈነዳ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ለዚያ ሁሉ ርዝመት የሚበቃ ከባድ መድፍም አልነበረም። ከአክሪንግተን ሻለቃ ወደ ጥቃት ከወጡት 720 ያህል ሰዎች 584ቱ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። አብዛኛው የሆነው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። በዚያች ቀን የእንግሊዝ ጦር በጠቅላላ 57,470 ሰው ተጎድቶበታል፤ ከዚያ ውስጥ 19,240ው ሙት ነው።

በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው የዘማቾቹ ወኔ አይደለም። በሞንቶባን ዕዳው ተከፍሏል፤ በሴር አልተከፈለም። በ1914 መጸው ሰው በሚቆጠርበት ፍጥነት መድፍና ጥይት አልተቆጠረም፤ ፋብሪካው ከምልመላው ጠረጴዛ በዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ኪችነር ራሱ ይህን አላየም፤ ሶም ከመጀመሩ ከአራት ሳምንት በፊት፣ በጁን 5፣ የተሳፈረባት ሐምፕሻየር የተባለች መርከብ ፈንጂ መትቷት ሰምጦ ሞተ። ሊቨርፑሎችም ዕድላቸው አልቆየም፤ በጁላይ 30 ጊለሞን ላይ በጉም ውስጥ ባደረጉት ጥቃት በመቶ የሚቆጠሩ ጓደኛሞች በአንድ ቀን ወደቁ።

ምልመላውን ያቀለለው ነገር ሐዘኑን አከበደው። አንድ ጎዳና ልጆቹን በአንድ ሻለቃ አስገብቶ ሲያበቃ ሻለቃው በአንድ ጠዋት ሲያልቅ መርዶው በአንድ ጎዳና ላይ ይወርዳል። አክሪንግተን ውስጥ ቁስለኞች የጫኑ ባቡሮች ያመጡት ወሬ ከይፋዊው ዜና ቀደመ። የመኮንን ቤተሰብ ቴሌግራም ይደርሰዋል፤ የተራ ወታደር እናት ግን በፖስታ የሚመጣ ፎርም ትጠብቃለች። ሴቶች የከንቲባውን ቤት ከበው ‹ልጆቻችን የት ናቸው? ንገረን› ብለው እንደጠየቁት ይነገራል። ትክክለኛው ሰው ዘንድ ነው የሄዱት። ሻለቃውን የጠራው፣ በሰልፍ የሸኘው፣ በከተማው ስም የተቀበለው እሱ ነበር። የሚመልስላቸው ግን አልነበረውም፤ እሱም የጦር ሚኒስቴርን ከመጠየቅ ሌላ የሚያደርገው አጥቶ ነበር። የከተማው ጋዜጣ ለሳምንታት የወጣቶች ፎቶግራፍ እየደረደረ ወጣ።

እናቶቹ የጠየቁትን ጥያቄ ሰልፍ የሚያዘጋጅ ሁሉ ሰልፉ ከመውጣቱ በፊት ራሱን ሊጠይቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስንት ሰው እንደሚያልፍ ይታወቃል፤ ባንዱ የት እንደሚቆምም ይታወቃል። ከዚያ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ አላፊ ካፖርት ተገዝቷል ወይ? ልምምዱን የሚቆጥር መዝገብ ተከፍቷል ወይ? ክፉ ቀን ቢመጣ ለቤተሰቡ ማን፣ በምን ያህል ጊዜ፣ እንዴት ይነግረዋል? እነዚህ ሳይመለሱ የሚወጣ ሰልፍ ከሕዝብ ላይ መበደር ነው፤ አበዳሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠይቅበት በር እንኳ የለውም።

እንግሊዝ ከበጎ ፈቃድ ምልመላ የተማረችው በሕግ ይታያል። ገና ከሶም በፊት፣ በ1915 መጸው፣ ሎርድ ደርቢ የሀገሩ ሁሉ ምልመላ ኃላፊ ሆኖ የበጎ ፈቃዱን መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረው፤ አልበቃም፤ በጃንዋሪ 1916 የግዳጅ አገልግሎት ሕግ ወጣ። ከሶም በኋላ ለተመናመኑት ሻለቆች ምትክ ሲላክ ከየትም ይምጣ ከየት መደባለቅ ተጀመረ፤ የአንድ ከተማ ሰው በአንድ ክፍል መከማቸቱ እየቀረ ሄደ። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታወጀበት ዕለት ፓርላማው የአገልግሎት ሕጉን በዚያው ቀን አጸደቀ። ሰው በዕድሜው ተራ እየተጠራ፣ በሐኪም እየታየ፣ ወደሚያስፈልግበት ክፍል ተመደበ። ሊቨርፑልም አክሪንግተንም ያኔ ልጆቻቸውን ሰጡ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ስም ጠረጴዛ የዘረጋ ግን አልነበረም።